ግሪክ ላይ አልጋ መያዝ፦ ከክፍሉ ዋጋ ጀርባ ያለው ስሌት

ሁለት መንገደኞች አቴንስ ውስጥ በአንድ ሆቴል፣ በአንድ ፎቅ፣ ጎን ለጎን ባሉ ተመሳሳይ ክፍሎች አድረው ጠዋት ቁርስ ላይ ሲገናኙ አንደኛው ከሌላው በእጅጉ የበለጠ መክፈሉን ይረዳል። ሁለቱም ደግሞ «ሁሉን ከፍዬ ጨርሻለሁ» ብለው እንግዳ መቀበያው ላይ ሲደርሱ በየሌሊቱ የሚታሰብ ሌላ ክፍያ ተጠይቀዋል። ስለ ግሪክ ጉዞ በተወራ ቁጥር የሚነሳው ቅሬታ ይኸው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም «አጭበረበሩን» በሚል ፍርድ ይዘጋል። ማጭበርበር የለም ማለት አይቻልም። የልዩነቱ ዋና ምንጭ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው።

መንገደኛው በስልኩ ላይ የሚያየው አኃዝ የአልጋ ዋጋ ብቻ አይደለም። ሐሳብን የመለወጥ መብትም ዋጋ ወጥቶለት አንድም ተደምሮበታል፣ አንድም ተቀንሶበታል። ሙቀቱ፣ ነፋሱ፣ የቅርሶቹ የመግቢያ ሰዓትና የቪዛ ቀጠሮ ዕቅድን በሚያስለውጡበት በግሪክ ይህ መብት ከሌላው አገር ይልቅ ውድ ነው፤ ይሁንና ዋጋ የሚያወዳድረው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው አኃዙን እንጂ ከአኃዙ ጋር የመጣውን ውል አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ወራትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስክሪኑ ላይ ጎልቶ የማይታየው ክፍያ

ግሪክ በ2018 በሆቴል አዳሪዎች ላይ የአዳር ግብር ጀመረች። መጠኑ ያን ያህል የሚያነጋግር አልነበረም፤ በባለ 1 እና ባለ 2 ኮከብ ሆቴል ለአንድ ክፍል በሌሊት 50 ሳንቲም፣ በባለ 5 ኮከብ ደግሞ 4 ዩሮ ነበር። በሴፕቴምበር 2023 ዳንኤል የተባለው ማዕበል በማዕከላዊ ግሪክ የሚገኘውን የቴሳሊን ሜዳ በጎርፍ ካጥለቀለቀ በኋላ ግን መንግሥት ለመልሶ ግንባታና ለወደፊት አደጋ የሚሆን ገንዘብ ፈለገ። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የአዳር ግብሩ «የአየር ንብረት ቀውስ መቋቋሚያ ክፍያ» በሚባል ተተካ።

የተለወጠው ስሙ ብቻ አልነበረም። በባለ 5 ኮከብ ሆቴሎች ላይ የሞቃቱ ወቅት ክፍያ ከ4 ወደ 10 ዩሮ ዘለለ፤ በ2025 ደግሞ 15 ዩሮ ደረሰ። ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ባለው ጊዜ በባለ 4 ኮከብ 10፣ በባለ 3 ኮከብ 5፣ በባለ 1 እና ባለ 2 ኮከብ ሆቴል 2 ዩሮ ይከፈላል። ለአጭር ጊዜ የሚከራዩ አፓርታማዎች በሌሊት 8 ዩሮ፣ ከ80 ካሬ ሜትር በላይ የሆኑ ራሳቸውን የቻሉ ቤቶች 15 ዩሮ ይታሰብባቸዋል። ከኖቬምበር እስከ ማርች ያለው ተመን ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው።

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከስሌቱ ነው። ክፍያው የሚቆጠረው በክፍል እንጂ በሰው አይደለም። ባልና ሚስት በጁላይ በባለ 4 ኮከብ ሆቴል 5 ሌሊት ቢያድሩ 50 ዩሮ ይጨመርባቸዋል፤ ብቻውን የሚጓዝ ሰውም በተመሳሳይ ክፍል ያንኑ 50 ዩሮ ይከፍላል። በተጨማሪም የክፍሉ ዋጋ ሲረክስ ክፍያው አብሮ አይወርድም። በሌሊት 60 ዩሮ በሚከራይ የባለ 3 ኮከብ ክፍል ላይ 5 ዩሮ ከ8 በመቶ በላይ ጭማሪ ሲሆን፣ ክፍሉ 200 ዩሮ የሚከራይ ቢሆን ኖሮ 2.5 በመቶ ብቻ ይሆን ነበር። በመሆኑም ርካሽ ክፍል ፈልጎ ያገኘ ሰው ላይ ሸክሙ በንጽጽር ይከብዳል።

13 በመቶ የሆነው የተጨማሪ እሴት ታክስ በማስታወቂያው ዋጋ ውስጥ ተካቶ ሲቀርብ፣ ይህኛው ክፍያ ግን ብዙውን ጊዜ በቦታው ላይ ለብቻው ይሰበሰባል። የማስያዣ ድረ ገጾች አይደብቁትም፤ ነገር ግን ከዋጋው ሥር በደቃቅ ጽሑፍ ያኖሩታል። የተጠየቀው ሰው ክፍያውን ሆቴሉ ራሱ እንደፈጠረው ቢጠረጥር አይገርምም፤ ገንዘቡ ግን የሚሄደው ወደ መንግሥት ነው።

ለአንድ ክፍል ብዙ ዋጋ የሚኖረው ለምንድን ነው?

ዛሬ ሌሊት ባዶ ያደረ ክፍል ነገ ሁለት ጊዜ አይሸጥም። ሆቴሎች ዋጋን በየቀኑ፣ አንዳንዴም በየሰዓቱ የሚለዋውጡት በዚህ ምክንያት ሲሆን ዘርፉ አሠራሩን «የገቢ አስተዳደር» ይለዋል፤ ትርጉሙም የቀሩትን ክፍሎች ብዛት፣ የቀሩትን ቀናትና የፈላጊውን ብዛት እያዩ ዋጋን ከፍና ዝቅ ማድረግ ነው። እስከዚህ ድረስ ከአውሮፕላን ትኬት አይለይም።

ልዩነቱ የሚመጣው መካከለኛው ሲጨመር ነው። የማስያዣ ድረ ገጾች ሆቴሉ ከሚያገኘው ላይ ኮሚሽን ይወስዳሉ፤ መጠኑም በተለምዶ ከ10 እስከ 25 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ ነው። ለረጅም ጊዜ ከሆቴሎች ጋር በሚያደርጉት ውል ውስጥ «የዋጋ እኩልነት ግዴታ» የሚባል አንቀጽ ነበር፤ ይህም ሆቴሉ በራሱ ድረ ገጽ ላይ ከእነሱ ባነሰ ዋጋ እንዳይሸጥ የሚከለክል ነው። የአውሮፓ ኅብረት ቡኪንግ ዶት ኮምን በሜይ 2024 «በረኛ» ብሎ ሰየመው፤ በረኛ ማለት ሌሎች ነጋዴዎች ደንበኛ ለማግኘት የግድ የሚያልፉበት ግዙፍ የዲጂታል አገልግሎት ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ድርጅት የዋጋ እኩልነት ግዴታን እንዲጭን አይፈቀድለትም። ኩባንያውም በዚያው ዓመት አንቀጹን ከአውሮፓ ውሎቹ አወጣ። በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ የኅብረቱ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለው ግዴታ ከውድድር ሕግ በራሱ ነጻ ሊሆን እንደማይችል ወሰነ።

በተግባር ይህ ማለት አንድ የግሪክ ሆቴል ዛሬ በራሱ ገጽ ወይም በስልክ ከድረ ገጹ ያነሰ ዋጋ ማቅረብ ይችላል ማለት ነው። የግድ ያቀርባል ማለት ግን አይደለም። የድረ ገጾቹ ተከራካሪዎች፣ ብዙ የደሴት ማረፊያዎች በቤተሰብ የሚተዳደሩና የራሳቸው የሽያጭ ሥርዓት የሌላቸው በመሆናቸው ያለ መካከለኛ ከዓለም ገበያ ጋር እንደማይገናኙ፣ ኮሚሽኑም የማስታወቂያ ወጪን እንደሚተካ ያስረዳሉ። ሆቴሎቹ ደግሞ ኮሚሽኑ ዞሮ ዞሮ በእንግዳው ዋጋ ላይ እንደሚጫን ይናገራሉ። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ፤ ለመንገደኛው ግን ከዚህ ክርክር የሚበልጥበት ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ውሉ ሊሰረዝ ይችላል ወይስ አይችልም?

«ገንዘቡ የማይመለስ» የሚባለው ዋጋ የሚረክሰው ሆቴሉ ደግ ስለሆነ አይደለም። የመቅረት አደጋን ከሆቴሉ ትከሻ ላይ አውርዶ በእንግዳው ላይ ስለሚጭን ነው። እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ እምነት ሰፊ ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት በኢንተርኔት የተገዛ ነገር ሁሉ በ14 ቀናት ውስጥ ያለ ምክንያት ሊመለስ ይችላል ይባላል። ደንቡ በእርግጥ አለ፤ ነገር ግን ለተወሰነ ቀን የተያዘ ማረፊያ በግልጽ ከደንቡ ውጭ ተደርጓል። ገንዘቡ የማይመለስ ክፍል ይዞ በማግስቱ ሐሳቡን የለወጠ ሰው የሚመካበት የ14 ቀን መብት የለውም።

ቀኑን የሚቆርጠው ሆቴሉ አይደለም

በቀድሞው ልማድ መንገደኛ መጀመሪያ አልጋ ይይዛል፣ ከዚያ የሚያየውን ያስባል። ግሪክ ውስጥ ይህ ቅደም ተከተል እየተገለበጠ ነው፤ ምክንያቱም አልጋ በብዛት ሲገኝ፣ የተወሰነ ቁጥር ያለው የመግቢያ ሰዓት ሆኗል።

ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ አቴንስ ውስጥ ኮረብታ ላይ ወዳለው ጥንታዊ ሥፍራ፣ ወደ አክሮፖሊስ፣ በቀን ከ20,000 በላይ ሰው አይገባም። ትኬቱ ሰዓት የተቆረጠለት ነው፤ ገዢው ከመረጠው ሰዓት 15 ደቂቃ ቀደም ብሎ ወይም 15 ደቂቃ ዘግይቶ ካልደረሰ ዕድሉ ያልፋል። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ የትኬቱ ዋጋ ከ20 ወደ 30 ዩሮ ከፍ ያለ ሲሆን፣ ቀደም ሲል በ30 ዩሮ አክሮፖሊስን ጨምሮ 7 የአቴንስ ጥንታዊ ሥፍራዎችን በ5 ቀናት ያሳይ የነበረው የጥምር ትኬት ቀርቷል። የቆዩ የጉዞ መምሪያዎች ግን ያንኑ ትኬት አሁንም ይመክራሉ፤ በዚያ ተመርቶ በጀት ያወጣ ሰው ስሌቱ ይፋለስበታል። በ2009 የተከፈተው የአክሮፖሊስ ሙዚየምም ከኮረብታው ግርጌ ይገኝ እንጂ ትኬቱ የተለየ ነው።

ከሰዓት ገደቡ በላይ የሚያስቸግረው ፀሐይ ነው። የግሪክ በጋ የሚያርፈው በእኛ ክረምት ላይ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ ጁላይና ኦገስት እዚያ ዝናብ የራቀባቸው፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪን የሚሻገርባቸው ወራት ናቸው። የአክሮፖሊስ አናት ጥላ የሌለው የድንጋይ ሜዳ ሲሆን በሺህ ዓመታት እግር ተጠርጎ የለሰለሰው እብነ በረድና የኖራ ድንጋይ ሙቀቱን ወደ ላይ መልሶ ይተፋል። በጁላይ 2023፣ በጁን 2024 እና በጁላይ 2025 ባለሥልጣናት ሥፍራውን በእኩለ ቀን ለሰዓታት ዘግተውታል። የ8 ሰዓት ተኩል ትኬት ይዞ ከደጃፉ የቆመ እንግዳ ያን ቀን አይገባም፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የገባው ግን አይቶ ወጥቷል። ስለዚህም የማለዳው ሰዓት ቀድሞ ያልቃል፤ ጠንቃቃ መንገደኛም አልጋውን የሚይዘው የማለዳ ትኬት ባገኘበት ቀን ዙሪያ ነው።

ደሴቶቹ ላይ ደግሞ ዕቅድ የሚያፈርሰው ነፋስ ነው። በሞቃቱ ወራት በባልካን በኩል ከፍተኛ፣ በአናቶሊያ በኩል ዝቅተኛ የአየር ግፊት ሲሰፍን ከሰሜን የሚነሳ ደረቅ ነፋስ የኤጂያንን ባሕር ይጠርጋል፤ ግሪኮች መልቴሚ ይሉታል። ተንኮሉ ሰማዩን አለማጥቆሩ ነው። ፀሐይ ቦግ ብላ፣ አንዲት ደመና ሳትታይ፣ ባሕሩ ግን ነጭ አረፋ ለብሶ ይንቀለቀላል። የነፋስ ኃይል በሚለካበት የቦፎርት መለኪያ 8 ሲደርስ፣ ማለትም በሰዓት ከ62 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ፣ የወደብ ባለሥልጣናት መርከቦችን ማገድ ይጀምራሉ፤ ፈጣኖቹና ቀላሎቹ መርከቦች ከዚያም ቀድመው ይቆማሉ። ከአቴንስ አጠገብ ካለው የፒሬየስ ወደብ ሳንቶሪኒ ደሴት ለመድረስ ትልቁ መርከብ 8 ሰዓት ገደማ ሲፈጅ ፈጣኑ በ5 ሰዓት አካባቢ ይደርሳል፤ በነፋሻ ወር ግን ዘገምተኛው የበለጠ ያስተማምናል።

መርከብ ሲቀር ሒሳቡን ማን ይከፍላል? በኅብረቱ የባሕር ተጓዦች ደንብ መሠረት ጉዞው የተሰረዘበት ሰው ገንዘቡ እንዲመለስለት ወይም በሌላ መርከብ እንዲሳፈር መምረጥ ይችላል። ደንቡ በየብስ ላይ ለሚያድርበት ሆቴልም በሌሊት እስከ 80 ዩሮ፣ ቢበዛ ለ3 ሌሊት፣ ኩባንያው እንዲሸፍን ያዛል፤ መሰረዙ ለመርከቡ ደኅንነት አስጊ በሆነ አየር ምክንያት ከሆነ ግን ኩባንያው ከዚህ የማደሪያ ግዴታ ነጻ ነው። መልቴሚ ደግሞ በትክክል እንዲህ ያለ አየር ነው። ስለዚህ ተጓዡ የቀረበትን የደሴት ክፍልም፣ ሳያስብ የሚያድርበትን የአቴንስ ክፍልም ራሱ ይከፍላል። ዕቅድ ሲወጣ ደሴቶቹን ከፊት፣ አቴንስን ከኋላ ማድረግ፣ ከመመለሻ በረራው በፊትም ቢያንስ አንድ ሌሊት በየብስ ማደር የሚሻልበት ምክንያት ይኸው ነው።

በጁላይ 2023 የሮድስ ደሴት ቃጠሎ ወደ 19,000 የሚጠጉ ሰዎችን ከሆቴልና ከቤት አስወጥቷል፤ በፌብሩዋሪ 2025 ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ከ10,000 በላይ ሰዎችን ከሳንቶሪኒ አሸሽቷል። እነዚህ በየዓመቱ የሚጠበቁ ባይሆኑም፣ የሚሰረዝ ክፍል የያዘና ያልያዘ ሰው የሚለያዩት በእንዲህ ያለ ቀን ነው።

ቪዛና የሚሰረዝ አልጋ

ግሪክ የሸንገን፣ ማለትም የጋራ የአጭር ጊዜ ቪዛ ያላቸው የአውሮፓ አገሮች ቡድን፣ አባል በመሆኗ ከኢትዮጵያ የሚሄድ መንገደኛ ለአጭር ቆይታ ቪዛ የሚያመለክተው በሸንገን ደንብ ነው። የአዋቂ ማመልከቻ ክፍያ ከጁን 2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ነው፤ የጉዞ ኢንሹራንሱም ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። አመልካቹ የት እንደሚያድር ወይም ለማደሪያ የሚበቃ ገንዘብ እንዳለው ማሳየት ይጠበቅበታል።

በኤፕሪል 2024 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያ ዜጎች ላይ ተጨማሪ ገደብ አስቀመጠ። የኅብረቱ ምክንያት አገሪቱ በአውሮፓ በሕገወጥ መንገድ የሚገኙ ዜጎቿን በመመለስ ረገድ በቂ ትብብር አላደረገችም የሚል ነበር። በውሳኔው መሠረት ማመልከቻ የሚታይበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀናት ተራዘመ፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም አይሰጥም። ከመንግሥታት ንግግር ጋር ምንም ጉዳይ የሌለው ሽርሽረኛ የውሳኔውን ዋጋ መክፈሉ ፍትሐዊ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ አከራካሪ ነው፤ በዕቅድ አወጣጥ ላይ ያለው ውጤት ግን ግልጽ ነው።

45 ቀናት ማለት አልጋው ተይዞ ውሳኔው ሳይታወቅ የሚታለፍ ጊዜ ማለት ነው። በጁላይ መጀመሪያ ለመጓዝ የሚያስብ ሰው ቢያንስ በሜይ አጋማሽ ማመልከቻውን አስገብቶ መሆን ይኖርበታል፤ ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ስለሆነ በማርች ወይም በኤፕሪል ማስገባት ይሻላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ገንዘቡ የማይመለስ ርካሽ ክፍል መያዝ ቁማር ነው። ለዚህ መንገደኛ በሚሰረዘውና በማይሰረዘው ክፍል መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት እንደ ኢንሹራንስ አረቦን ቢታይ ይሻላል፤ ቪዛው ከተገኘ በኋላ የመሰረዣው ቀነ ገደብ ካላለፈ ወደ ርካሹ መዛወር ይቻላል። የመሰረዣው ቀነ ገደብ በግሪክ ሰዓት እንደሚቆጠር ግን መዘንጋት የለበትም።

አንድ መጥፎ አቋራጭ አለ፤ ቪዛ ለማሳየት ብቻ የሐሰት የማስያዣ ወረቀት የሚሸጡ ሰዎች። ኤምባሲ ሆቴሉን ደውሎ ቢጠይቅ ማመልከቻው በማጭበርበር ሊወድቅ ይችላል፤ በነጻ የሚሰረዝ እውነተኛ ክፍል መያዝ እየተቻለ ይህን አደጋ መውሰድ ትርጉም የለውም።

በአልጋው ላይ ያለው ክርክር

ክፍያው ለምን ያድጋል፣ ገደቡስ ለምን ይጠብቃል ለሚለው መልሱ በከፊል ቁጥር ነው። ከ10 ሚሊዮን ጥቂት በላይ ሕዝብ ያላት አገር በ2024 የክሩዝ መንገደኞችን ጨምሮ ከ40 ሚሊዮን በላይ እንግዶች አስተናግዳለች። በአቴንስ መሐል፣ በፕላካና በኩካኪ ዙሪያ፣ ነዋሪዎች አፓርታማዎች ለእንግዳ እየተከራዩ የቤት ኪራይ ከአቅማቸው በላይ እንደሆነ ያማርራሉ። መንግሥት ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በማዕከላዊ አቴንስ ሦስት ወረዳዎች አዲስ የአጭር ጊዜ ኪራይ ቤት እንዳይመዘገብ አገደ፤ ለአንድ ዓመት ተብሎ የተጀመረው እገዳም ተራዝሟል።

የእገዳው ደጋፊዎች ቤት ለኗሪ መመለስ አለበት ይላሉ። ተቃዋሚዎች ደግሞ ቀድሞ የተመዘገቡት ቤቶች ሥራቸውን ስለሚቀጥሉ ኪራይ እንደማይወርድ፣ ይልቁንም ፈቃድ ያላቸው ጥቂቶች ተወዳዳሪ እንዳይመጣባቸው እንደሚያደርግ ይከራከራሉ። በዚህ ረገድ ሁለተኛው ወገን የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በተመለከተ የሚያሳምን ይመስላል፤ አዲስ መጪን መከልከል የነበረውን አይቀንስምና። ለመንገደኛው የሚተርፈው ተግባራዊ ነገር አንድ ነው፤ ሕጋዊ የሆነ ቤት በማስታወቂያው ላይ የግብር ባለሥልጣኑ የሰጠው የምዝገባ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ቁጥር የሌለውን ቤት ያስያዘ ሰው ችግር ሲገጥመው አቤት የሚልበት ጠፍቶበት ሊቀር ይችላል።

ክሩዝ መርከቦችም አልቀሩም። ከጁላይ 2025 ጀምሮ በሳንቶሪኒና በሚኮኖስ ለሚወርድ የክሩዝ መንገደኛ በከፍተኛው ወቅት 20 ዩሮ ይከፈላል፤ ሳንቶሪኒም በቀን የሚቀበለውን የክሩዝ መንገደኛ 8,000 ላይ ገድቧል። እነዚህ እርምጃዎች የቀን ጎብኚውን እንጂ አዳሪውን አይነኩም፤ እንዲያውም ደሴቱ ላይ የሚያድረው ሰው መርከቦቹ በሌሉበት ማለዳና ምሽት መንገዱን ክፍት ያገኘዋል።

ወቅቱ ወዴት እያዘነበለ ነው?

እነዚህ ሁሉ ግፊቶች መንገደኛውን ከጁላይና ከኦገስት አውጥተው ወደ ሜይ፣ ወደ ሴፕቴምበርና ወደ ኦክቶበር ይገፉታል፤ ሙቀቱ ይበርዳል፣ መልቴሚ ይዳከማል፣ ክፍሉም ይረክሳል። መንግሥትም ወቅቱ እንዲሰፋ ይፈልጋል። የክፍያው ሥርዓት ግን ይህን በግማሽ ብቻ ያግዛል፤ በኤፕሪል መጀመሪያ የሚመጣ እንግዳና በኦገስት የሚመጣው እኩል ይከፍላሉ። ተመኑ የሚወርደው ኖቬምበር ላይ ሲሆን፣ ያኔ ደግሞ በትንንሾቹ ደሴቶች ያሉ ሆቴሎች አብዛኞቹ በራቸውን ዘግተዋል፣ የመርከቡም ምልልስ ሳስቷል። ስለዚህ ከኖቬምበር እስከ ማርች ያለው ርካሽ ተመን በተግባር የሚጠቅመው አቴንስን፣ ተሰሎንቄንና የየብሱን ታሪካዊ ሥፍራዎች ለሚያይ ሰው ነው።

በሁለቱ ወቅቶች መካከል ደግሞ ለእኛ አንባቢ የተለየ ትርጉም ያለው አንድ ሳምንት አለ። የግሪክ ኦርቶዶክስ ፋሲካ ከኢትዮጵያ ፋሲካ ጋር በአንድ ቀን ይውላል፤ በ2026 ኤፕሪል 12፣ በ2027 ሜይ 2 ነው። ለፋሲካ ግሪኮቹ ራሳቸው ከአቴንስ ወጥተው ወደየትውልድ ደሴታቸው ስለሚጎርፉ መርከቡና የደሴቱ አልጋ ቀድሞ ያልቃል፤ ከተማዋ ግን ባዶ ትሆናለች። በዓሉን አገር ቤት ውሎ በማግስቱ ለመብረር የሚያስብ መንገደኛ ሕዝቡ ከደሴት ወደ አቴንስ በሚመለስባቸው ቀናት ስለሚደርስ፣ እሱ በሚሄድበት አቅጣጫ የመርከብ ወንበርም አልጋም ማግኘት ይቀለዋል።